ማጉያው የሚያጎላው ምንን ነው? በአፋር በረሃ የመልእክት መንገዶች ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በሰመራ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጥቁር ሳጥን ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ አይበልጥም። በአንድ ጎኑ ወደ መኪና ጣሪያ የሚወጣ የአንቴና ገመድ አለው፤ በሌላው ጎኑ ደግሞ በመኪናው ውስጥ የምትቀመጥ አነስተኛ አንቴና ትያያዝበታለች። ሾፌሮቻችን «ቡስተር» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር «ማጉያ» እለዋለሁ። ከምህንድስና ባልደረባዬ የተዋስኩት ሲሆን ውስጡ የተቃጠለ ስለሆነ ማንንም አይረብሽም። የታሪክ መምህር የመሐንዲሶችን እንጀራ ሊሻማ ተነሣ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ይህን ዕቃ ወደ አዳራሹ ያመጣሁት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ወደዚህ አገር ስመጣ፣ ከአሥራ አምስት ዓመታት በፊት፣ ከአስፋልት ወጥቶ በፒስታ ሊጓዝ የተነሣን ሰው ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «መሪ አግኝታችኋል ወይ?» ብለው ነበር። ባለፈው ዓመት ለመስክ ጥናት ስንዘጋጅ ግን ተማሪዎቼ የጠየቁኝ ሌላ ነው፤ «መምህር፣ መኪናው ቡስተር አለው ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ከአንደኛው ጥያቄ ወደ ሁለተኛው የተሻገርንበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ በመሻገራችንም ያተረፍነውና የከሰርነው አለ። የዛሬው ገለጻዬ ስለዚያ ነው። በንግግሬ የውጭ ተጓዦችን ዘመን እነርሱ በመዘገቡት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ጉዳይ በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሞ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ ልናገር። የጣሪያው አንቴና ከማማው የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ይቀበላል፤ ሳጥኑ ያጎላዋል፤ የውስጡ አንቴና ለስልካችን ያደርሰዋል። ስልኩ ሲናገር ደግሞ ሥራው በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የመኪና አካል ብረት በመሆኑ ሞገድን ይጋርዳል፤ ስለዚህ አንቴናውን ከብረቱ ውጭ፣ ከጣሪያው በላይ ማድረጉ ብቻውን ትልቅ ጥቅም አለው። በአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ በተሽከርካሪ ላይ ለሚገጠም ማጉያ የተፈቀደው ጣሪያ 50 ዴሲቤል ነው። ይህ ማለት የገባውን ኃይል እስከ 100,000 እጥፍ ማሳደግ ነው። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ የሚያሳስተንም እርሱ ነው። መቶ ሺህ ጊዜ ዜሮ ዜሮ መሆኑን ልጆቻችን በሁለተኛ ክፍል ይማሩታል፤ እኛ ግን መኪና ውስጥ ስንገባ እንረሳዋለን።

ሌላም ወሰን አለ። ሞገድ በአብዛኛው እንደ ዓይን ነው፤ ከአድማስ በታች ያለውን አያይም። 50 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ በሜዳ ላይ የሚደርስበት አድማስ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ደግሞ የራሱን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ 35 ይሆናል። በአጋጣሚ የሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ሥርዓት፣ ጂኤስኤም የሚባለው፣ በመደበኛ አሠራሩ የሚያስተናግደው ርቀትም 35 ኪሎ ሜትር ነው። የስልኩ ድምፅ ከዚያ ርቆ ከመጣ ለእርሱ የተመደበችው ቅጽበት ካለፈች በኋላ ስለሚደርስ ማማው አይቀበለውም። በከፍታ ላይ ሆናችሁ የማማውን ድምፅ ከ40 ኪሎ ሜትር ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ማማው ግን እናንተን አይሰማም። በስልኩ ግንባር ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚነግሩን እኛ ምን ያህል እንደምንሰማ እንጂ ምን ያህል እንደምንሰማ ከወዲያ ያለው ወገን የሚመሰክረውን አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከሰመራ ወደ ሰርዶ ስትወጡ የምታዩት የጥቁር ድንጋይ ገደል በደረጃ በደረጃ ተሰንጥቆ የቆመ ነው፤ እያንዳንዱ ገደል ከኋላው ጥላ አለው፤ ከጥላው ውስጥ ያለ ማጉያ የሚያጎላው ነገር አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። ይህ ምድር ከውጭ ለመጣ ሰው ለረጅም ጊዜ ዝምተኛ ነበር። በግብፅ ከዲቭ አገልግሎት የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1875 ጦር አስከትሎ ወደ አውሳ ገሠገሠና ተገደለ። ጣልያናዊው ጁሊየቲ በ1881፣ ሌላው ጣልያናዊ ቢያንኪ በ1884 እንዲሁ በዚህ በረሃ ሞቱ። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ከዚያ በኋላ አካባቢውን «ምንም የማይሰማበት፣ ማንም የማይመለስበት» አድርገው ሣሉት። እኔ ግን ማስረጃውን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ወሬ በማይተላለፍበት አገር ሳይሆን እጅግ ፈጥኖ በሚተላለፍበት አገር ነው። መምጣታቸው፣ ቁጥራቸው፣ መሣሪያቸው፣ ያደሩበት ውኃ ሁሉ ከእነርሱ ቀድሞ ይሄድ ነበር። መረቡ ነበረ፤ እነርሱ ደንበኞቹ አልነበሩም።

ስለ ዳጉ እየተናገርኩ መሆኑን የዚህ አገር ልጆች አውቃችኋል፤ ከሌላ ክልል ለመጣችሁት ግን በአጭሩ ልግለጽ። ሁለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አይተላለፉም። ቆም ይላሉ፤ ጊዜ ካለ ይቀመጣሉ፤ በየተራ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የማን ከብት ጠፋ፣ በየት በኩል ጠብ አለ፣ መንገድ ላይ ማን ታየ። የሚነገረው ነገር በዓይን የታየ ይሁን በጆሮ የተሰማ ተለይቶ ይነገራል። ሐሰት ያስተላለፈ ሰው ስሙ ከመጉደፉም በላይ በባህላዊው ሕግ በማዳ ይጠየቃል። ለታሪክ ተማሪ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዋነኛ ነው፤ እኛ በማኅደር ክፍል የምንደክምለትን የምንጭ ትችት አንድ የግመል እረኛ በእግሩ እየሄደ ይሠራዋል። ዳጉን እንደ ባህል ትርኢት ብቻ የሚያቀርቡ ጽሑፎች ስለዚህ ያናድዱኛል። እርሱ ተቋም ነው፤ ወጪ አለው፣ ግዴታ አለው፣ ቅጣት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1928 ኔስቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ፓስቶሪና ሮዚና ከተባሉ ሁለት ጣልያናውያን ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ከሦስት ወራት በላይ በፈጀ ጉዞ በረሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ኤርትራ ገባ። ከአጃቢዎቻቸው የተገደሉ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1933፣ ወጣቱ ዊልፍሬድ ቴሲገር ከዚያው ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። የእርሱ ጥያቄ አዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ማየት ነበር። ባህዱ በተባለው አገር እንደገባ ግን ከመንግሥት የተላከ የተመለስ ትእዛዝ ደረሰበት፤ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና ፈቃድ አውጥቶ ጉዞውን ቀጠለ። የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን አገኘ፣ አቤ ሐይቅን አየ፣ በግንቦት 1934 ታጁራ ደረሰ።

ብዙ አንባቢዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያደንቁት የወጣቱን ጽናት ነው። እኔን የሚገርመኝ ትእዛዙ ነው። ስልክ በሌለበት፣ መንገድ በሌለበት፣ የመንግሥት ሥልጣን እምብዛም በማይደርስበት ስፍራ በጉዞ ላይ ያለን አንድ ሰው ትእዛዝ ፈልጎ አገኘው። ዛሬ ከሰርዶ በስተሰሜን ፒስታ ውስጥ የገባ ባልደረባዬን ልመልሰው ብፈልግ በስልክ አላገኘውም። የማገኘው እንደዚያ ዘመን በሰው ነው።

ሽቦው ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ሲሆን 477 ኪሎ ሜትር ነበረው። ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የምንላት ከተማ የባቡሩ ልጅ ናት። በካርታ ላይ ተመልከቱት። ሽቦውም ሐዲዱም የአፋርን ምድር በደቡብ ጠርዙ ብቻ ነክተው ወደ ምሥራቅ አለፉ። ኔስቢትም ቴሲገርም ጉዟቸውን ከአዋሽ ጣቢያ የጀመሩት ስፍራው ውብ ስለሆነ አልነበረም፤ ሽቦው የሚያበቃው፣ ወይም ይበልጥ በትክክል ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚታጠፈው፣ እዚያ ስለነበር ነው። ከጣቢያው በስተሰሜን አንድ እርምጃ የወጣ ሰው ከአንዱ መረብ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው መንገድ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ በሚሌና በሰርዶ በኩል የሚያገናኘውን መንገድ ሠሩ፤ በኋላም ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚመጣው መንገድ ተጨመረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል ዞረ። ሎግያ በጭነት መኪና ሾፌሮች የደመቀችው፣ ሰመራም ከአሳይታ የርእሰ ከተማነቱን ሥፍራ ተረክባ በባዶ ሜዳ ላይ የተተከለችው ከዚህ መንገድ የተነሣ ነው። ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. በዛሬው ስሙ ተቋቋመ፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ማማዎቹ የተተከሉት የት ነው? አስፋልቱ ባለበት፣ ከተማ ባለበት፣ መብራት ባለበት። ይህን በወቀሳ አልናገረውም፤ ማማ ነዳጅ ወይም የፀሐይ ኃይል፣ ጠባቂና ጥገና ይፈልጋል። ግን የኔትወርክ ካርታ ብላችሁ የምታዩት ነገር በአብዛኛው የመንገድ ካርታ ነው፤ የመንገዱ ካርታም የወደብ ካርታ ነው። መንገዱ የታሰበው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ለሚያልፍ ሰው እንጂ በመካከሉ ለሚኖረው አልነበረም። የመኪና ማጉያ የዚያው ሐሳብ ታናሽ ወንድም ነው። እርሱም የሚያልፍ ሰው ዕቃ ነው።

በመካከል አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው መንገዴ ብታወጣኝም እወዳታለሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሃዳር ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ድንቅነሽን ባገኙ ጊዜ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ግሬይ የላንድሮቨሩን ክላክስ ያለማቋረጥ ይነፋ ነበር። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት እናታችን ዜና መጀመሪያ የተሰራጨው በመኪና ክላክስ ነው። እስከሚሰማበት ድረስ ተሰማ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ስንት ዓመት እንደሆነው አልቆጥርም፤ አንዳንዶቻችሁ ልጁን ታውቁታላችሁና። በሚያዝያ ወር የድሮ የአሞሌ ጨው ሲራራዎች ያርፉባቸው የነበሩትን ጉድጓዶች ልንመዘግብ ከሰርዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣን። ስድስት ነበርን፤ እኔ፣ አንድ ባልደረባዬ፣ ሾፌሩ፣ ሦስት ተማሪዎች። ከሦስቱ አንዱ የአፋርኛ አስተርጓሚያችን ነበር። የተዋስነው ላንድክሩዘር ማጉያ ተገጥሞለት ነበር። ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅንም፤ ይህ ራሱ ጥፋት ነው። በአገራችን የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትም ሆነ መያዝ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ተደንግጓል፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረውም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የውጭና የውስጥ አንቴናዎቹ ተቀራርበው የተገጠሙ ማጉያ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል፤ በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲቀርብ እንደምትሰሙት ያለ ነው። በዚያ ጩኸቱ የአንድን ማማ አገልግሎት በሙሉ ሊያውክ ይችላል።

ትልቁ ጥፋት ግን ይህ አልነበረም። ሁልጊዜ በሰርዶ ቆመን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ወዴት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ለሽማግሌዎች ነግረን እንወጣ ነበር። የዚያን ቀን አልነገርንም። ረፍዶብን ነበር፤ ደግሞም ሳጥኑ ነበረን። «ከመንገድ እንደውላለን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በአንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ካርተሩን ቀደደውና ዘይቱ ፈሰሰ። መኪናው ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን አመመኝ ይል የነበረው ተማሪ ከዚያ በኋላ መቀመጥ ተሳነው፤ ቀኝ ጎኑን ይዞ ይታጠፍ ጀመር። ስልኬን አወጣሁ። ሦስት ዘንግ ይታያል። ደወልኩ፤ ዝም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝም። መልእክት ጻፍኩ፤ አልሄደም። ሦስቱ ዘንጎች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ከሁሉ ያሳበደኝ የእነርሱ ዝም ብሎ መቆም ነበር። ምንም ባይኖር ኖሮ ወዲያው ሌላ መላ እንፈልግ ነበር፤ እነዚያ ዘንጎች ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪናው አጠገብ አስቀመጡን። አስቀድሜ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህች ናት። ማማውን እንሰማው ነበር፤ አይሰማንም ነበር። ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ ወደ ገደሉ ሊወጣ አሰበ፤ ማጉያው ግን ከመኪናው ባትሪ ጋር የታሰረ ነውና አብሮት ሊወጣ አልቻለም። ከፍታው ወዲያ፣ ማጉያው ወዲህ ሆኑ። ያለ ማጉያው ወጥቶ ሞከረ፤ ከዚያ ገደል ኋላ ሌላ ገደል ነበረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ አዛውንት አራት ግመሎች እየነዱ መጡ። እኔ ወዲያው ስለ ታመመው ልጅ መጮኽ ጀመርኩ። እርሳቸው በዝግታ ሰላምታ ሰጡ፣ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ፣ አስተርጓሚያችንን ከፊታቸው አስቀምጠው መጠየቅ ጀመሩ። ከየት መጣችሁ? በየትኛው ጉድጓድ አለፋችሁ? ውኃ ነበረው? ማን ያጠጣ ነበር? ስንት ሆናችሁ? ውኃችሁ ስንት ጀሪካን ነው? ልጁ ከየት ወገን ነው? ሕመሙ መቼ ጀመረው፣ በየት በኩል? ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ በልቤ ስረግም ነበር፤ አሁን በአደባባይ ስለምናዘዝ ይቅር ይበሉኝ። ሲጨርሱ ተነሡ፣ ግመሎቻቸውን ትተው በእግራቸው ሄዱ።

የቀረውን በኋላ ነው ያወቅነው። አዛውንቱ ሁለት ሰዓት ተጉዘው አንድ ወጣት እረኛ አገኙ፤ ነገሩን ሁሉ አስረከቡት። እርሱ ስልክ የነበረውን አጎቱን ፈልጎ አገኘ። አጎትየው በአካባቢው ሁሉ የታወቀ አንድ ኮረብታ ላይ ወጣ፤ «የኔትወርክ ድንጋይ» የሚሏት ናት፤ በእርሷ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰርዶ ያዞረ ሰው መስመር ያገኛል፤ አሥር እርምጃ የራቀ አያገኝም። ከዚያ ሰርዶ ላለ ዘመዱ ደወለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሁለት መኪኖች ደረሱልን። በየትኛው በኩል ያለው ወንዝ አሸዋ እንደሆነ፣ በየትኛው መግባት እንደሚቻል ያውቁ ነበር። ያንን ግማሽ ሰዓት አዛውንቱ የጠየቁን ለዚህ ነበር። ልጁ ረፋዱ ላይ ዱብቲ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ትርፍ አንጀቱ ነበር። ዳነ።

ከዚህ ተነሥታችሁ «መምህሩ ቴክኖሎጂን ይጠላል» እንዳትሉኝ። መልእክቱ የመጨረሻውን ትልቅ ርቀት የተሻገረው በሞባይል ስልክ ነው፤ ሰርዶ ላይ ማማ ባይኖር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ አይኖርም ነበር። የምከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው። አጎትየውና ኮረብታዋ አንድ ማጉያ ነበሩ፤ ከፍታን፣ አቅጣጫንና የሚሰማውን ወገን ለይቶ ማወቅን በአንድ ላይ የያዘ ማጉያ። ይህን ዕውቀት ያጠራቀመው ማኅበረሰብ በማናቸውም የሽፋን ካርታ ላይ አልተመዘገበም። በመስክ ጉዞ የተገነዘብኩት ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች በየቀበሌው መኖራቸውን ነው። ሁለቱን ኩባንያዎች የሚያገለግሉት ድንጋዮች እንኳ ይለያያሉ። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለ እነርሱ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲጽፍ ከሦስት ዓመት ጀምሮ እየለመንኩ ነው፤ እስካሁን የተነሣ የለም። ጥሪው ዛሬም አለ።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሰነጠቅ፣ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ስትከፈት፣ የዓለም ሊቃውንት መጠኑን በሳተላይት ምስል ለኩት። አመዱን አይተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ ከብታቸውን ይዘው የሸሹት ግን አርብቶ አደሮቹ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሮ እስከ ህንድ ሲደርስ፣ የዓለም ዜና ማሠራጫዎች ሁሉ አወሩት። የአመዱን መንገድ በየሰዓቱ መከታተል ተችሏል። በዚያው ሰዓት በእሳተ ገሞራው ግርጌ ያለ እረኛ ማንን፣ በየትኛው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ሊጠራ ይችል ነበር? ለጎብኚ መኪና የሚሸጠው ሳጥን ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የሚጎላ ነገር አስቀድሞ መኖር አለበት፤ እርሱን የሚተክለው ደግሞ ገዢው ሳይሆን አገር ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ በትምህርት ክፍላችን የመስክ ጉዞ ቅጽ ላይ አንዲት መስመር ተጨምራለች፤ ከአስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ለማን ተናገራችሁ፣ በየት ቦታ፣ በስንት ሰዓት የምትል። የምህንድስና ባልደረባዬ መስመሯ መኖሯን ይደግፋል፤ ነገር ግን ፈቃድ ያለው ማጉያና የተፈቀደ የሳተላይት ስልክ በቅጹ ላይ ከእርሷ በላይ መቀመጥ አለባቸው ይላል። እኔ ከበታች ይሁኑ እላለሁ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ስለማየው በጥያቄና መልሱ ጊዜ ሳይቀጥለው አይቀርም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፌ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከወራት በኋላ አዛውንቱን ሎግያ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝና አስቀመጡኝ። ልጁ መዳኑን ሰምተው ስለነበር ስለ እርሱ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ፣ በአስተርጓሚው በኩል፣ መልእክታቸው ሰርዶ ሲደርስ ምን ይል እንደነበር ነው። የሰርዶው ሰው የነገረኝን አንድ በአንድ ደገምኩላቸው፤ አንድ መኪና፣ ዘይቱ የፈሰሰ፤ ስድስት ሰዎች፤ አንድ ልጅ የታመመ፣ በቀኝ ጎኑ፤ በምሥራቁ ወንዝ ግቡ፤ ውኃቸው ሁለት ጀሪካን። እርሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ይሰሙ ነበር። የመጨረሻው ላይ ጣታቸው ቆመ። «ሁለት?» አሉ። የነገርናቸው አንድ ተኩል ነበር። ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ አስተርጓሚው ዞሩ፤ መጀመሪያ የወጣቱን፣ ቀጥሎ የአጎቱን፣ ቀጥሎ የሰርዶውን ሰው ስም ጠየቁት፤ ግማሹ ጀሪካን በማን እጅ ላይ እንደሞላ ሊያውቁ ፈልገው ነበር።